ግንቡ ይናገር

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለጎንደር ልጆች ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በክረምት ውሃ ወደ ግንብ መስረጉን የምናውቀው ኖራው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። የታመመ ሰው ያቃስታል፤ ግንብ ግን ዝም ይላል።

ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ባትሪ የሌለው የራዲዮ መለያ ነው። አንቴናና ደቃቅ ቺፕ ብቻ አለው። ማንበቢያው የራዲዮ ሞገድ ሲልክበት፣ ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ ቁጥሩን ይመልሳል። እርጥበት ሲነካው የመልሱ ብርታት ስለሚለወጥ፣ ግድግዳው መራሱ ይታወቃል። ሐሳቡ ከቆየ ውሎ አድሯል፤ ሃሪ ስቶክማን የተባለው መሐንዲስ ተንጸባርቆ በሚመለስ ሞገድ መልእክት ስለ መላላክ የጻፈው በ1941 ዓ.ም. ነው።

«መልሱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሆኖም ባትሪ ለመለወጥ ተብሎ ግንብ አይፈርስም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ጥንታዊው ድንጋይ ሳይበሳ፣ ጥገና በሚደረግበት ጊዜ መለያው በአዲሱ ኖራ ውስጥ ይቀበር። እኛም ተማሪዎች፣ ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ተቀብለን፣ ከሳይንስ መምህራችን ጋር በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ እየለካን በመዝገብ እንጻፍ። መለያው ግንበኛን አይተካም፤ የት መጠገን እንዳለበት ግን ይነግረዋል። አባቶቻችን ሠርተው ያቆሙትን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።