ጎመን በበረንዳ፣ ጉደር በጠረጴዛ

አንድ ቃል ጆሯችንን አሰልችቶታል፤ «ቅብጠት»። ጎጆ የወጣን ወጣቶች ከሽሮና ከፓስታ ወጣ ያለ ነገር ስንሞክር ቅብጠት። ለእሑድ እራት አንድ ጠርሙስ የአገር ውስጥ ወይን ስንገዛ ቅብጠት። የተቆረጠ ጀሪካን ላይ ጎመን ስንተክል ደግሞ ቅብጠቱ አልበቃ ብሎ «ባላገርነት» ይጨመርበታል። ለመሆኑ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንዴት ቀብጦም፣ ባላገር ሆኖም ይገኛል? የሚያስረዳን ጠፍቷል።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ቃሉ ምግብን አይመለከትም። «ልካችሁን እወቁ» ለማለት ነው። ጣዕም፣ ምርጫና ሙከራ ቤት ለሠራና መኪና ለገዛ ሰው የተፈቀደ ነው፤ ደመወዝተኛ ሆዱን ሞልቶ ይተኛ። እኛ ይህን አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበልም እንናገራለን።

መጀመሪያ የባህል ጠበቆቹን እናነጋግር። «የአባቶቻችን ምግብ ምን ጎደለውና ነው?» ይሉናል። ምንም አልጎደለውም። ነገር ግን የአባቶቻችን ገበታ ራሱ የሙከራ ልጅ ነው። በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንችና በቆሎ የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት እዚህ አገር አይታወቁም ነበር። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 አገራችን አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ቡናችንስ? የቡና አገር ነን እያልን የምንኮራው እኛ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት ነውር ተደርጎ ይቆጠር እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እንግዲህ በሆነ ዘመን አንዲት ቅድመ አያት ባዕድ ፍሬ ድስቷ ውስጥ ለመጨመር ደፍራለች። ጎረቤቶቿም ሳያሟት አልቀሩም። ዛሬ እኛን ቀበጥ የሚለን ሰው ዶሮ ወጥ በቀረበለት ቁጥር የእሷን ድፍረት እያጣጣመ ነው።

ደግሞስ አዲስ ምግብ ከውጭ ብቻ ይመጣል ያለው ማነው? ፒዛ ቀምሶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ፈልጋችሁ ለማግኘት ትደክማላችሁ። የወለጋን አንጮቴ የቀመሰስ? የኮንሶን ኩርኩፋ ከነሽፈራው ቅጠሉ የሚያውቅስ? እንሰት ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ወገናችንን የሚመግብ ተክል ነው፤ የብዙው ከተሜ እውቀት ግን በክትፎ ቤት ከምትቀርበው ቁራሽ ቆጮ አያልፍም። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ለመቅመስ የወሰኑ ሁለት ሰዎች የአገራቸውን ገበታ ብቻ ቢዞሩ ዓመቱ ይበቃቸዋል ማለት ይከብዳል። ታዲያ ባህል ጠባቂው ማን ነው? ሦስት ዓይነት ወጥ እየደጋገመ «ባህሌን» የሚለው ወይስ ገበያ ወጥቶ «ይሄ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀው?

ወደ ወይኑ እንለፍ። የማይጠጣውን ጠጣ አንልም፤ የምንከራከረው ከሚጠጣው ጋር ነው። ቅዳሜ ማታ የቢራውን ብዛት የማይቆጥር ሰው ወይንን «የሀብታም መጠጥ» ሲል እንሰማለን። አንድ ጠርሙስ የአገር ውስጥ ወይን እኮ ለሁለት ሰው ሁለትና ሦስት ምሽት ይሆናል፤ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለጥቂት ቀናት ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ጉደርና አክሱሚት ከእኛ በፊት የነበሩ ስሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ከሚለማው ወይን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ ወጥተዋል። ይህን ሁሉ ትተን የውጭ ጽሑፍ የተለጠፈበትን ጠርሙስ በእጥፍ ዋጋ ካልገዛን እንግዳ ያከበርን የማይመስለን ለምንድን ነው?

የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ይሄዳል የሚለውም የሆቴል ምስጢር አይደለም። ደረቅ ቀይ ወይን በበርበሬ ከተሠራ ወጥ ጋር ሲጠጣ ማቃጠሉን ያብሰዋል፤ ጣፋጭነት ያለው ግን ያለዝበዋል። ስለዚህ ጉደርን ለጥብስ፣ አክሱሚትን ለቀይ ወጥ። ጠጅን ከዶሮ ወጥ ጎን ያስቀመጡት አያቶቻችን ይህን ያወቁት የወይን ትምህርት ቤት ገብተው ነው? ቀምሰው ነው እንጂ። «ወይን ጠጅ» የሚለው ስም ራሱ ነገሩ ከጠጅ ቤተሰብ መሆኑን ይናገራል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አሁን ወደ በረንዳው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ የለንም። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ሆኖ ነው የታቀደው። በዚህች ቦታ ሁለት ሰው ይተኛል፣ ያበስላል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። የቀረችን መሬት በረንዳዋ ናት። እሷም ላይ ኮሚቴው ይመጣል፤ «ሕንፃው ይበላሻል፣ ውኃ ይንጠባጠባል፣ መልክ ያጠፋል»። አከራይም ይጨምርበታል።

ስጋቱን አናጣጥልም። በ20 ሊትር ጀሪካን የሞላ እርጥብ አፈር 30 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ የበረንዳ ብረት ላይ ቢንጠለጠል አደጋ ነው። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ጀሪካኑን በቁመቱ መሰንጠቅና በግማሹ ብቻ መትከል፣ ከታች መብሳት፣ ከሥሩ ሳሕን ማድረግ፣ ግድግዳ ሥር ወለሉ ላይ ማስቀመጥ። ቀይ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ይበቃዋል። ውኃ በፈረቃ ነው የምትሉ፣ ቆስጣና ድንች ያጠባችሁበት ውኃ አለላችሁ። ሐበሻ ጎመን ከታች ከታች ቅጠሉ ሲቀነጠብ ለወራት ይሰጣል፤ ሰላጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ይደርሳል። ክረምት ሜዳ ላይ ያለውን ቲማቲም ዝናብና በሽታ ሲጨርሰው፣ ጣሪያ ያለው በረንዳ ይከልልለታል። በሶብላ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ስለማይስማማው ማታ ማታ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ደንብ አድርጎ ማጽደቅ ሲቻል፣ በጅምላ መከልከል ምን የሚሉት አስተዳደር ነው? በዚያው በረንዳ ላይ የሳተላይት ዲሽ፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ፍራሽ ሲከመር «መልክ ጠፋ» ያለ ኮሚቴ አላየንም። መልክ የሚያጠፋው ቅጠል ብቻ ነው?

የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ «በቀን አንዴ የሚበላ ሰው ባለበት ከተማ እናንተ ስለ ወይንና ስለ በሶብላ ታወራላችሁ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ሦስት ጀሪካን ጎመን የኑሮ ውድነትን አይፈታም፤ ይፈታል የሚል ካለ እየዋሸ ነው። የደመወዝና የቤት ኪራይ ነገር በአፈርና በዘር አይመለስም፤ ማንም «በረንዳችሁ ላይ ትከሉ» ብሎ ከኃላፊነቱ እንዲያመልጥ አንፈቅድም። ነገር ግን የተራበ ሰው መብት የሚከበረው የደመወዝተኛው ምላስ ስለታሰረ አይደለም። ድሃ ጣዕም አያስፈልገውም የሚል ሰው፣ ነገ ደግሞ ጥላ አያስፈልገውም፣ አበባ አያስፈልገውም፣ መጽሐፍ አያስፈልገውም ይላል። መጨረሻው የት ነው?

እኛ የምንለው አጭር ነው። ኮሚቴዎች ሆይ፣ የበረንዳ ተክል የሚተዳደርበትን ደንብ አውጡ እንጂ አትከልክሉ። ምግብ ቤቶች ሆይ፣ የአገር ውስጥ ወይን በብርጭቆ ሽጡ፤ አንጮቴንና ኩርኩፋን ሜኑ ላይ ለማስፈር የውጭ ቱሪስት እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ጎጆ የወጣችሁ እኩዮቻችን ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ቀምሳችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ። ካልጣፈጣችሁ ሳቁበት፤ ከጣፈጣችሁ ጎረቤት ጥሩ። «ቅብጠት» የሚላችሁ ከመጣም ወንበር ስጡትና አቅምሱት።