ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለእናቶቻቸው ብቻ መተው ይብቃ

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ይከበራል። በእኛም ሀገር በዕለቱ ሰማያዊ ቲሸርት ይለበሳል፣ አዳራሽ ይሞላል፣ ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጋሉ። በማግስቱ ልጁን አዝሎ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ የሚንከራተተው ግን ያው የትናንቱ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት። ይህ ጋዜጣ ግንዛቤ መፍጠር ከንቱ ነው አይልም። ይሁን እንጂ ችግሩን በግንዛቤ ማነስ ብቻ ማሳበብ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተመቸ ማምለጫ ሆኗል። የጎደለው ሕፃኑን ገና በሁለት ዓመቱ የሚያይለት ጤና ጣቢያና ለትምህርት ሲደርስ በሩን የሚከፍትለት የሰፈር ትምህርት ቤት ነው።

ኦቲዝም ይዞ የሚለቅ በሽታ አይደለም። የአእምሮ ዕድገት ከመነሻው በተለየ መንገድ የሚሄድበት፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 እ.ኤ.አ. ስሌት እንደሚያሳየው ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። መልኩ ደግሞ ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ጨርሶ አፉን አይፈታም፤ ሌላው የከተማውን የታክሲ መሥመር ሁሉ ከመነሻ እስከ መድረሻ በቃሉ ይወጣዋል፣ ጓደኛው ለምን እንዳኮረፈው ግን አይገባውም። አንዱ ቆርኪ እየደረደረ ይውላል፤ የደረደረውን የነካበት ሰው የእሱን ቀን አበላሸ ማለት ነው። እኛ የለመድነው የታክሲ ጥሩምባና የሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ ለብዙዎቹ ሥቃይ ነው። መንገድ መሀል ጆሮውን ይዞ እየጮኸ መሬት ላይ የሚንከባለል ልጅ ያየ አላፊ አግዳሚ “ስድ አሳድጋ!” ብሎ እናቲቱን ገላምጦ ያልፋል። ልጁ አልባለገም፤ ድምፁና ግርግሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።

ጥፋቱን በእናት ላይ መለጠፍ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ እነዚህ ልጆች ከጻፈ በኋላ፣ የተማሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ “እናቶቻቸው ፍቅር ስለነፈጓቸው ነው” እያሉ ለዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ያንን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ክፉኛ የናደው በርናርድ ሪምላንድም ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። እኛ ዘንድ ስሙ ይለወጣል እንጂ ፍርዱ ያው ነው፤ እርግማን፣ ቡዳ፣ ልክፍት፣ የወላጅ ኃጢአት። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ያስቀደሙት መድኃኒትም ገንዘብም አይደለም፤ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው።

ጸበል የሚወስዱ ወላጆችን የምንነቅፍበት ምክንያት የለም። እምነታቸው ነው፤ በብዙ ቦታ ሳይፈርድ የተቀበላቸውም እሱ ብቻ ነው። የምንለው ጸበሉ ሐኪሙን አያስቀር፣ በተለይም ከኦቲዝም ጋር አዘውትሮ ለሚታየው የሚጥል በሽታ የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ ነው። ልጅን ማሰርና ቤት ዘግቶበት መሄድ ግን በየትኛውም እምነት ስም ሊፈቀድ አይገባም። ያም ሆኖ ሥራ ካልሄደች የማትበላና ልጇን የምታስጠብቅበት የሌላት እናት በሩን ቆልፋ ስትወጣ፣ ከእሷ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ አካል እንዳለ አይዘንጋ።

እስከ ዛሬ የተሠራውን የሠሩት ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈተች። በውበት ሙያ ያፈራችውን ስምና ገንዘብ ለዚህ አዋለች፤ በየመገናኛ ብዙኃኑ ቀርባ ሰው የሚደብቀውን ነገር በአደባባይ ተናገረች። በ2013 ዓ.ም. በሞት እስክትለየንም ከዚሁ ሥራ አልወጣችም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙትም ወላጆች ናቸው። ሁለቱም ያሉት መዲናዋ ውስጥ ነው። የደብረ ታቦር ወይም የጂንካ እናት ልጇን ይዛ የት ትሂድ? በጎ ፈቃድ ያቆመው ማዕከል ሊመሰገን ይገባዋል፤ የሀገር አገልግሎት ተክቶ እንዲሠራ መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

መንግሥት አቅም የለኝም ሊል ይችላል። እኛ ግን መነሻው እጁ ላይ አለ እንላለን። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ሕፃናትን ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወራቸው ወደ ጤና ተቋም ይጠራል። ይህ ዕድሜ የኦቲዝም ምልክቶች መታየት የሚጀምሩበት ነው። ሕፃኑ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የፈለገውን በጣቱ ይጠቁማል? ያስገረመውን ነገር ለእናቱ ያሳያል? ጀምሯቸው የነበሩ ቃላት ጠፍተውበታል? እነዚህን ለመጠየቅ ማሽንም ስፔሻሊስትም አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃና የሠለጠነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይበቃል። ለቫይታሚን ኤ እደላ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ሲጠሩም ጥያቄው ሊደገም ይችላል። ዛሬ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እናት “ልጄ አፉን አልፈታም” ስትል “ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ታገሺ” ትባላለች፤ በዚያ ትዕግሥት ልጁ ድጋፍ ቢያገኝ አብዝቶ የሚጠቀምበት ዕድሜ ያልፋል።

ክትባት ራሱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ እዚህም ውጭ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድም ስለሚናፈስ አንድ ነገር እንበል። ወሬውን ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ የታተመ፣ 12 ሕፃናትን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው። ያተመው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል፤ ጸሐፊው አንድሩ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ምልክቶቹ ጎልተው የሚወጡት በክትባቱ ዕድሜ ስለሆነ ሁለቱ የተያያዙ ይመስላሉ እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም።

ልጁ ከታወቀ በኋላስ? የሀገሪቱ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያም እንደዚያው። ስለዚህ ወላጅን ማሠልጠን ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆችና አሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ሥልጠናውን ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች ሊሰጡት ይችላሉ፤ የሚያስተምረውም በጨዋታ፣ በምግብ ሰዓት፣ በልብስ ማልበስ መሀል ከልጅ ጋር እንዴት መግባባት እንደሚቻል ነው። ይህ ከሙከራ ወጥቶ ወደየወረዳው መውረድ አለበት።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ ለዘብ የምንልበት ምክንያት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መደገፍን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንዲህም ሆኖ “ሌሎቹን ይረብሻል” የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ልጅን ከበር ይመልሳል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች እናቲቱ ክፍል ውስጥ አብራው እንድትቀመጥ ወይም ረዳት በራሷ ወጪ እንድትቀጥር ይጠይቃሉ። ልጁ የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የቀኑን ሥራ በሥዕል የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ሲጨናነቅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ፣ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት የሚነግረው መምህር ነው። ከዚህ በላይ ድጋፍ የሚያሻቸው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ቢያንስ አንድ የተሟላ ትምህርት ቤት ሊኖር ግድ ነው።

ጤና ሚኒስቴር የዕድገት ጥያቄዎቹን በክትባት ካርዱ ላይ ያስፍር። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ የሚቀጥለው ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት መመሪያ ያውጣ፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አልቀበልም የሚል ርዕሰ መምህር፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ለወላጅና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይስጥ፤ ጽሕፈት ቤቱም ለልጁ ቦታ ሳያገኝ መዝገቡን አይዝጋ።