ቀን የቀየረ የባቡሩን ይክፈል!

ሰኞ ማታ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲኖር የማይደሰት አለ? ከሥራ ወጥቶ፣ ማኪያቶ አዝዞ ዲኤስቲቪ ፊት መቀመጥ ነው። እኔም አልዋሽም፣ እወደዋለሁ። ግን ያንን ጨዋታ ለማየት ከሌላ ከተማ የሚመጣውን ደጋፊ አስበነው እናውቃለን?

አንድ የማንቸስተር ሰው ቡድኑን ተከትሎ ለንደን ሊወርድ ነው እንበል። ስታዲየም መግቢያው አያስፈራም። ከ2016/17 ጀምሮ የእንግዳ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ሊጉ ወስኗል። ጉዱ ያለው ባቡሩ ላይ ነው። በዕለቱ ጣቢያ ሄዶ ደርሶ መልስ ልግዛ ካለ ከ100 ፓውንድ በላይ ይጠየቃል፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት ከሆነማ ከ300 ያልፋል!

እርግጥ ደጋፊው ዘዴ አያጣም። የቅናሽ ካርድ ያለው ሲሶው ይቀነስለታል። አንዳንዱ መንገዱን ለሁለት ይከፍለውና እስከ ስቶክ አንድ፣ ከስቶክ ለንደን ሌላ ትኬት ይቆርጣል። ባቡሩ እዚያ እስከቆመ ድረስ መውረድ እንኳ አያስፈልገውም። ዋናው ዘዴ ግን ቀደም ብሎ መግዛት ነው፤ ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ ከጉዞው 12 ሳምንት አካባቢ ቀደም ብሎ ይወጣል። ታዲያ የሚሠራው ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ምን ዋጋ አለው? ቅዳሜ የተባለው ጨዋታ ለቴሌቪዥን ሲባል ሰኞ ይሆናል። ርካሹ ትኬት ተበላ ማለት ነው። በዚያ ላይ በእነሱ ሰዓት ማታ 2 የጀመረ ጨዋታ 4 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ የማንቸስተር ባቡር የለም። ወይ ሆቴል ወይ አውቶቡስ!

ጀርመኖች ይሄን እምቢ ብለዋል። በ2018 የፍራንክፈርት ደጋፊዎች የሰኞን ጨዋታ ተቃውመው ሜዳውን በቴኒስ ኳስ ሞሉት፤ ከ2021/22 ጀምሮ የቡንደስሊጋው ሰኞ ቀረ። በዩሮ 2024ም የጨዋታ ትኬት የያዘ ሰው በከተማ ትራንስፖርት 36 ሰዓት በነፃ ተጉዟል፤ የረጅም ርቀት ባቡር ደግሞ ከ29.90 ዩሮ ጀምሮ ተሸጦለታል።

የእንግሊዙ ሊግ ከ2025/26 ጀምሮ ለአራት ዓመት ከአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ብቻ 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ተዋውሏል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ወይ ቀኑን ርካሹ የባቡር ትኬት ሳይወጣ ያሳውቅ፣ ወይ የተበላውን ትኬት ይተካ። በአንድ ጨዋታ ቢበዛ ሦስት ሺህ ገደማ እንግዳ ደጋፊ ነው፤ ያውም ሁሉም በባቡር አይመጣም።