የሰርቨሩ አድራሻም ርክክብ ይደረግበት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። በወረዳው ከተማ በቢስቲማም ሆነ በዞኑ ከተማ በደሴ ሕጉ አንድ ነው። ሰርቨር ሲመጣም የመለያ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኑን ሥራ ላይ የሚያቆየው መረጃ ግን የትም አይመዘገብም። ምን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደተጫነበት፣ አይፒ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ ጌትዌዩ የትኛው እንደሆነ፣ ኬብሉ ከስዊቹ ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ የሚያውቀው የተከለው ባለሙያ ብቻ ነው። እሱ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ዕለት እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ተተኪው ስክሪኑን ሲከፍት የለመደውን የዊንዶውስ ገጽ አያገኝ ይሆናል። ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ እንኳ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲገጥመው ይቸገራል። በሊኑክስ የኔትወርክ ካርዱ ድሮ «ኢቲኤች ዜሮ» ይባል ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ስሙን የሚያገኘው ማሽኑ ውስጥ ከተሰካበት ቦታ ነው። በፍሪቢኤስዲ ደግሞ ስሙ የሚመጣው ካርዱን ከሚያሠራው ድራይቨር ነው፤ የሪልቴክ ካርድ «አርኢ ዜሮ» ሊባል ይችላል፣ ብዙ የኢንቴል ካርዶች «ኢኤም ዜሮ» ይሆናሉ። ኡቡንቱ ሰርቨር በ2010 ዓ.ም ከወጣው 18.04 ጀምሮ አድራሻውን የሚይዘው በኔትፕላን ፋይል ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ የመስመሮቹ መግቢያ ክፍተት ከተዛባ ፋይሉ አይነበብም። ፍሪቢኤስዲ ዘንድ «አርሲ ዶት ኮንፍ» የተባለውን ፋይል መክፈት ይበቃል።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚጎዳን ግን ሌላ ነው። በሊኑክስም በፍሪቢኤስዲም በትእዛዝ ብቻ የተሰጠ አድራሻ ወዲያው ይሠራል፣ ፋይል ላይ ካልተጻፈ ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻው አይገኝም። ባለሙያው ከደሴ በሐይቅ በኩል ወጥቶ ቢስቲማ ይደርሳል፣ ትእዛዙን ይሰጣል፣ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ሁሉም አመስግኖ ይሸኘዋል። ሌሊት መብራት ይጠፋል። ጠዋት ሰርቨሩ ሲነሣ አድራሻ የለውም፤ ባለጉዳዩ ወረፋ ይዞ «ሲስተም የለም» ይባላል። ስለዚህ ባለሙያው ከመመለሱ በፊት ሰርቨሩን አጥፍቶ አብርቶ ማየት አለበት። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው ሥራውን አልጨረሰም እላለሁ።

ብልሽት ፍለጋውም ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ብዙ ድካም ይቀራል። መጀመሪያ ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ መብራት ይታይ። ቀጥሎ ካርዱ አድራሻ መያዙ፣ ከዚያም ጌትዌዩ ለፒንግ መመለሱ። ውጭ ያለ አድራሻ በቁጥር ሲጠራ መልስ ሰጥቶ በስም ሲጠራ ግን ካልተገኘ፣ ኬብሉን መነካካት ከንቱ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ዲኤንኤስ መመልከት ይገባል። ከሩቅ ሆኖ አድራሻ የሚቀይር ደግሞ በኡቡንቱ «ኔትፕላን ትራይ» የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀም፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቀው ማሽኑ ወደ ቀድሞው ቅንብሩ ይመለሳል። አለበለዚያ በአንዲት የተሳሳተች ቁጥር ምክንያት እንደገና መኪና መሳፈር ሊመጣ ነው።

«ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘዋል» የሚሉ አሉ። የተበላሸው ኔትወርኩ ራሱ ሲሆን በምን ይፈልጋል? በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። በዚያ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ መጠየቅ የሚችል ባለሙያ አልነበረም። የፍሪቢኤስዲ ማኑዋል ማሽኑ ውስጥ ስላለ «ማን» ብሎ የትእዛዙን ስም መጻፍ ብቻ ይበቃል፤ በዚህ በኩል ያልተለመደው ሲስተም ከለመድነው ይልቅ ይረዳናል። የወረዳው ሰርቨር አይፒ አድራሻ ግን የትኛውም ማኑዋል ውስጥ የለም። በ2014 ዓ.ም በሰሜኑ ጦርነት ዘረፋና ውድመት የደረሰባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ተቋማትም የማሽን መተካትን ችግር ያውቁታል። ማሽን በግዢ ይተካል፤ ያልተጻፈ ቅንብር ግን እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ወረዳዎችን በቪዲዮና በዳታ ለማገናኘት የተነሣው ወረዳኔት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጀመር ሳተላይትና ፋይበር ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ስንት መሣሪያ ገባ፣ ስንት ባለሙያ ሠለጠነ። የጎደለን አንድ ወረቀት ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ ሲስተሙንና ስሪቱን፣ አድራሻዎቹን፣ የቅንብር ፋይሉ ያለበትን ቦታና የመጨረሻውን ለውጥ ቀን የያዘ። የይለፍ ቃሉ እዚያ አይጻፍ፤ በታሸገ ፖስታ ካዝና ይግባ።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሆይ፣ ሠራተኛ ሲዛወር ወንበሩን ቆጥራችሁ እንደምትረከቡ ሁሉ ይህን ወረቀት ጠይቁ። ካልቀረበላችሁ ክሊራንሱን አትፈርሙ።