የማያልቀው ካርቱንና የልጆቻችን ምሽት

ባሕር ዳር ውስጥ ከእናቶች ጋር በተገናኘን ቁጥር ከኑሮ ውድነትና ከትምህርት ቤት ወጪ ቀጥሎ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይኼ ልጆቹ የሚያዩት የጃፓን ካርቱን መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚል ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በፈረቃ የሚሠሩ አንዲት እናት እንደነገሩን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ማታ ማታ «ይህቺን ክፍል ልጨርስና» ይላቸዋል። ክፍሏ ታልቃለች፤ ታሪኩ ግን አያልቅም። ታላቅ እኅቱ ሳህን አጥባ፣ የቤት ሥራዋን ሠርታ ስትተኛ እሱ ገና «ይህቺን ክፍል» ላይ ነው። «አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት» ይላሉ እናቲቱ፤ «ሁለት ሰዎች ተፋጠው ቆመዋል። ነፋስ ይነፍሳል፣ ፀጉራቸው ይወዛወዛል። ክፍሉ እስኪያልቅ አንድ ቡጢ አልተሰነዘረም።»

እናቲቱ ያስተዋሉት ትክክል ነው፤ ምክንያትም አለው።

አስቀድሞ ግን ፊልሙ እንዴት ቤታችን እንደገባ እንመልከት። ዲሽ በተስፋፋበት ጊዜ ልጆቻችን እነዚህን ፊልሞች የሚያዩት በዐረብኛ ተተርጉመው፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ነበር። ዛሬ ስልክና ፍላሽ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ ፊልሞቹ አልተቋረጡም፤ በፍላሽ ተጭነው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። በዚያ ወቅት ማታ ሐይቁ ዳር ወጥቶ መናፈስ ቀርቶ ልጆች በጊዜ ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር፣ ረጅም ተከታታይ ፊልም ለብዙ ቤት እንደ ሞግዚት ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ልጁን ብቻ መውቀስ አይገባም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። (ስለ ጃፓን ፊልሞች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አኒሜ የሚባለው ይህ ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ማንጋ ከሚባል በሥዕል ከተሠራ ታሪክ ነው። ለምሳሌ ልጆቻችን በስም የሚያውቁት «ናሩቶ» ማሳሺ ኪሺሞቶ የተባለ ሠዓሊ ከ1999 እስከ 2014 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በ700 ምዕራፍ ያወጣው ነው። ሠዓሊው በሳምንት የሚያደርሰው ሃያ ገጽ እንኳ የማይሞላ አንድ ምዕራፍ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ክፍል ግን 23 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሁለትና ሦስት ምዕራፍ በአንዴ ይውጣል። ፊልሙም በየሳምንቱ የሚተላለፍ በመሆኑ ብዙ ሳይቆይ መጽሔቱ ላይ ይደርስበታል። እንግዳ በዝቶ ወጥ ሲያንስ ምን እንደሚደረግ እናቶች ታውቃላችሁ፤ ውኃ ይጨመራል።

ውኃው በሁለት መንገድ ይጨመራል። አንደኛው ሠዓሊው ያልጻፈውን ታሪክ ፈጥሮ መሐል ማስገባት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው «ፊለር» ይሉታል፣ እኛ መሙያ እንበለው። ሁለተኛው ያለውን መለጠጥ ነው፤ ያለፈውን ሳምንት መድገም፣ የእያንዳንዱን ተመልካች የደነገጠ ፊት ማሳየት፣ ጠላትና ጠላት ተፋጠው እንዲቆሙ ማድረግ። «ድራገን ቦል ዚ» በተባለው ፊልም አንዲት ፕላኔት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ከተባለ በኋላ ጠቡ ስንትና ስንት ክፍል እንደፈጀ የዓለም ልጆች ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። አዘጋጆቹም ሳያውቁት አልቀሩም፤ በ2009 ያንኑ ፊልም መሙያውን እያወጡ እንደገና ማሳየት ሲጀምሩ 291 የነበረው ክፍል ከ170 በታች ወረደ።

ለማነጻጸር ያህል የኛን እናንሣ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ከተሜው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይሰማ ነበር። ያም ረጅም ነው፤ ያም በክፍል በክፍል የቀረበ ነው። ነገር ግን የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ያለቀ በመሆኑ ተራኪው ደራሲውን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረም። ወጋየሁ ዝም ሲል ዝምታውን የጠየቀው ታሪኩ ነው። የካርቱኑን ዝምታ የሚጠይቀው ግን የሳምንቱ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ልጅ ሁለቱን ላይለይ ይችላል፤ አንድ ነገር ሊሆን ነው እያለ ይጠብቃል።

የአሣሣሉም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳያል። ያን ሁሉ በእጅ መሣል ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ኦሳሙ ቴዙካ በጥር 1963 «አስትሮ ቦይ»ን በቴሌቪዥን ሲጀምር ሥዕሉን እጅግ ቀነሰ፤ አካሉ ቆሞ አፍ ብቻ እንዲንቀሳቀስ፣ አንድ ሥዕል ላይ ካሜራው እንዲንሸራተት አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ረጃጅም ፊልሞች በአብዛኛው በዚሁ ብልሃት ይኖራሉ። ጥሩ ሠዓሊዎችና ገንዘቡ ለትልቁ ፍልሚያ ይቀመጣሉ፤ በሌላው ሳምንት የቆመ ሥዕል ይቀርባል። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያያችሁ እናቶች፣ በዚያም ታሪኩ በቆመ ሥዕል እንደተነገረ ታስታውሳላችሁ። ግን እዚያ የምንዞረው እኛ ነን፤ የወደድነው ፊት እንቆማለን፣ ያልወደድነውን እናልፋለን። ቴሌቪዥኑ ፊት ግን ምን ያህል እንደምንቆም የሚወስነው ፊልሙ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የመጀመሪያው «ናሩቶ» 220 ክፍል ነው፤ ተከታዩ 500። በጠቅላላው 276 ሰዓት ይሆናል። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚያይ ልጅ አራት ወር ተኩል ይፈጅበታል፤ አንድ የትምህርት መንፈቅ አለቀ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ፊልም ከ136ኛው እስከ 220ኛው ያለው ግን አብዛኛው መሙያ ነው። 85 ክፍል፣ 33 ሰዓት ገደማ፣ አሥራ ስድስት ምሽት። ይህ ቢዘለል ከዋናው ታሪክ የሚጎድል ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ ልጆቹም ያውቁታል፤ ብትጠይቋቸው የትኛው ክፍል መሙያ እንደሆነ በቁጥር ይነግሯችኋል። (ፍትሕ ለማጓደል አይደለም፤ በዋናው ታሪክ ጥግ የያዘች ሴት ልጅ የራሷን ክፍል የምታገኘው አንዳንዴ በመሙያው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል እኔ በበኩሌ አላስዘልልም።)

ስለዚህ «አጥፋው!» ብሎ ከመጮኽ ይልቅ ከልጁ ጋር የሚዘለለውን መምረጥ ይሻላል። ሌላም ብልሃት አለ። ክፍሉ እንዲያልቅ አትጠብቁ። መጨረሻው ልብ አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው እንዲጎትት ሆኖ የተሠራ ነው። ያለፈው ጥያቄ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በክፍሉ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ልጁ ያቺን አይቶ መሐል ላይ ቢያቆም ሌሊቱን ሲብሰለሰል አያድርም።

ለታናናሾቹ ደግሞ ሌላ መመዘኛ ያስፈልጋል፤ ታላቁ የሚያየው ፊልም ደም ያለበት፣ ለጎረምሳ የተሠራ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የስድስት ዓመት ቀጭኔ በሆነች አሻንጉሊት የሚነገር ነው። ሲጀመር የጃፓኖቹ ዓይነት ገንዘብ አልነበረውም፤ አሻንጉሊቶቹም ቤት ውስጥ የተሠሩ ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ክፍል የጀመረውን እዚያው ይጨርሳል፤ ሕፃኑም አይቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

ጃፓኖቹም ቢሆኑ እየተማሩ ነው። ከ1999 ጀምሮ ሲተላለፍ ከ1,100 ክፍል በላይ የደረሰው «ዋን ፒስ» ከ2026 ጀምሮ በዓመት ከ26 ክፍል እንደማይበልጥ አዘጋጆቹ በ2025 አስታውቀዋል። በየሳምንቱ መሮጡ ቀርቶ ሠዓሊዎቹ ጊዜ ያገኛሉ፤ በእኛ ቤት ደግሞ በዓመት ሃያ ስድስት ክፍል ማለት አሥር ሰዓት ብቻ ነው።