የሳተላይት ፎቶግራፍ ምን ይናገራል? ከሶሃይ እስከ ሳነቴ

እንደሚታወቀው ኃያላን መንግሥታት የሌላውን አገር ጓዳ የሚመለከቱት በሰላይ ዓይን ብቻ አይደለም። ሰሜን ኮሪያ ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶሃይ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ «እጅግ አስፈላጊ ሙከራ» ማካሄዷን በማግስቱ ስታስታውቅ፣ የሙከራውን ዓይነት አልገለጸችም። ዳሩ ግን ፕላኔት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳተላይቶች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች የመረመሩ ተንታኞች፣ በሙከራው ዕለት በሞተር መፈተሻው አጠገብ ተሽከርካሪዎችና ዕቃዎች እንደነበሩ፣ በማግስቱ አብዛኞቹ እንደተነሡ፣ መሬቱም ከሞተሩ በወጣ ትኩስ ጭስ እንደተገረፈ ተገነዘቡ። የሮኬት ሞተር ተፈትሿል ያሉት ከዚህ በመነሣት ነው። ሞተሩ ለምን ዓላማ እንደተሠራ ግን ፎቶግራፉ አልነገራቸውም።

ይህ ጉዳይ የሮቤንና የጎባን ነዋሪ ምን ያገባዋል የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ያገባዋል። በበጋ ወራት ከሳነቴ አምባ በታች እስከ ሐረና ደን ባለው ቁልቁለት የሚነሣው እሳት የሚታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ሙቀትን የሚለዩ ሳተላይቶች የሚነደውን ያመለክታሉ፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ የተቃጠለው አስታ በምስሉ ላይ ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ቅራኔው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጠባሳው እሳት መኖሩን እንጂ ማን፣ ለምን እንደለኮሰው አይናገርም። የደጋው አርቢ ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲበቅልለት ያረጀ አስታ ማቃጠሉ የቆየ ልማድ ነው፤ በቅርብ የተቃጠለ ቦታ ደግሞ የሚነድ ነገር ስለሚያንሰው ቶሎ እሳት አይዝም። በ1992 ዓ.ም. በድርቅ ወቅት ተነሥቶ የባሌንና የቦረናን ደኖች የፈጀው ሰደድ እሳት ግን ሌላ ነው። የአንድ ቀን ምስል ሁለቱን አይለይም፤ ያን ብቻ የያዘ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በአርቢው ላይ ቢያላክክ አይደንቅም። ልዩነቱ የሚገለጸው የብዙ ዓመታት ምስል ጎን ለጎን ቀርቦ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌም ሲጠየቅ ነው። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ያነሱት ምስል እንኳ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለማንም በነፃ ክፍት ሆኗል።

ከሶሃዩ ሙከራ 13 ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አገራችን የመጀመሪያ ሳተላይቷን በቻይና እርዳታ ከታይዩዋን አስወንጭፋለች፤ የመቀበያ ጣቢያውም በእንጦጦ ተቋቁሟል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ጠባሳውን ከሩቅ የሚቆጥር የውጭ ባለሙያ መብዛቱ አይቀርም። እንግዲህ ምስሉ በየበጋው ሮቤ ወደሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ወርዶ፣ ከአርቢዎቹና ከቀበሌ ማኅበራት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊነበብ ይገባል፤ ስለ አርቢው የሚሰጠውም ፍርድ ከዚያ በኋላ ይሁን።