ለአማራ ክልል ምክር ቤት፦ የትምህርት ቤቶቻችንን በጀት በየስማቸው ንገሩን

ለተከበረው የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ምክር ቤት
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

በደብረ ታቦር የምኖር የተማሪ ወላጅ ነኝ። በየዓመቱ እጃችሁን አውጥታችሁ የምታጸድቁት በጀት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጋ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚሆን ለሕዝብ እንድታሳውቁ ልጠይቃችሁ ይህን ጻፍሁ።

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከፋርጣ እስከ ላይ ጋይንትና ስማዳ፣ ገበሬው ያልተሸከመው ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እንጨት ይቆርጣል፤ ድንጋይ ያመላልሳል፤ ጭቃ ያቦካል፤ ገብሱንና ድንቹን ሸጦ መዋጮ ይከፍላል። ለከፈለው ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ያልከፈለ እንደሆነ በስብሰባ ስሙ ይጠራል። ስለ ትምህርት ቤት ገንዘብ ስሙ እየተጠራ የሚጠየቀው እሱ ብቻ መሆኑ ያስቆጣኛል። በጀቱን ያጸደቀው ተመራጭ እዚያ ስብሰባ ላይ የለም።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት ይልካል፤ ወረዳው በቅድሚያ ደመወዝ ይከፍላል። ይህ ተገቢ ነው፤ መምህር ሳይበላ ሊያስተምር አይችልም። ነገር ግን ከደመወዝ ተርፎ ለጠመኔ፣ ለወንበር፣ ለመጽሐፍና ለቤተ ሙከራ የሚውለው ሥራ ማስኬጃ ስንት ነው? በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ድጎማስ ዛሬ ምን ላይ ነው? የወረዳው ፋይናንስ ያውቃል፤ ርዕሰ መምህሩም ሳያውቅ አይቀርም። ልጁን ከጉና ውርጭ ጋር እያታገለ የሚልከው ወላጅ ግን አልተነገረውም።

በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ ተማሪው ተወቀሰ፤ መምህሩ ተወቀሰ፤ ወላጁም ተወቀሰ። በጀት የሚያጸድቁ ምክር ቤቶች ግን የድርሻቸውን ሲጠየቁ አልሰማሁም።

በዚህ ላይ የተጨመረው ጦርነት ደግሞ የባሰ ነው። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት በጋይንት በኩል እዚህ ደጃችን ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ የተናገረው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ነው። ሰላም በእናንተ ውሳኔ ብቻ እንደማይመጣ እረዳለሁ። ሆኖም ላልተከፈተ ትምህርት ቤት ተመድቦ የነበረው ሥራ ማስኬጃ ወዴት ዞረ? ይህን ለመመለስ ተኩስ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም፤ መዝገብ መግለጥ ይበቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ተመራጭም አመኔታ ካጣ በመረጠው ሕዝብ ሊነሣ እንደሚችል ደንግጓል። በአንቀጽ 41 ደግሞ ለትምህርት የሚመደበው ሀብት እያደገ እንዲሄድ መንግሥትን ያስገድዳል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተሰጣችሁ ድምፅ ከዚህ ግዴታ ጋር የተሰጠ ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለእናንተ ነው። በኩር ጋዜጣን የሚያሳትመው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም (አሚኮ) ተጠሪነቱ ለእናንተው ነው፤ ጠያቂው ለተጠያቂው ተጠሪ በሆነበት ደግሞ ጥያቄ መለስለሱ አይቀርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን እርምጃ መውሰድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የዘንድሮው ምዝገባ ሳይጀመር በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የተማሪው ቁጥር፣ የተመደበው ብርና በእርግጥ የደረሰው ብር ተጽፎ ይለጠፍ። የደቡብ ጎንደር ተመራጮችም በየምርጫ ክልላችሁ በወላጆች ስብሰባ ተገኝታችሁ ያን ወረቀት አስረዱን። መልሳችሁን በበኩር ላይ፣ ወረዳውንና ትምህርት ቤቱን በስም እየጠራችሁ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የተማሪ ወላጅ፣ ደብረ ታቦር